ሚኒስትሩ በእግሩ የሄደበት ቀን

በዚያ የሕፃናት ማቆያ ግድግዳ ላይ ብዙ ነገር ተለጥፏል። ጫማ አውልቁ የሚል አለ፣ እጅ ታጠቡ የሚል አለ፣ የታመመ ልጅ አታምጡ የሚልም አለ። ዋናው ሕግ ግን የትም አልተለጠፈም፤ ያለው በሠራተኞቹ አፍ ነው። አንድ ልጅ እዚያ ውሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ከሄደ ለእናቱ ማንም አይነግራትም። ማታ ልትወስደው ስትመጣ፣ "ዛሬ እግሩን ጠንከር እያደረገ ነው፤ ዐይንሽን ከሱ እንዳትነቅዪ" ይሏታል፣ በቃ። በነጋታው እናትየው እየበረረች ትመጣለች። "ሄደ! ማታ ሳሎን ውስጥ ሄደ!" ትላለች። እነሱም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ "እውነትሽን ነው?" ይላሉ። እንዳላየ ሰው፣ እንዳልሰማ ሰው።

ይህን ሕግ ያመጣችው ከሞግዚቶቹ ሁሉ ዝምተኛዋ ናት። የራሷ ልጅ ታታ ያለችው እሷ የሰው ልጅ ስትጠብቅ በዋለችበት ቀን ነው። ቤት ስትገባ አማቷ በር ላይ ጠብቀው ነገሯት። ደስ አላት፤ ለምን ደስ አይላት? ግን ደስታው እንደ ተውሶ ልብስ ሆነባት። ለበሰችው እንጂ ልኳ አልነበረም። ልጅቷ አሁን ሰባት ዓመት ሞልቷታል። ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ አጥርም ትወጣለች።

ነገሩ በሆነበት ቀን ጠዋት እንደማንኛውም ጠዋት ግርግር ነበር። ባልዋ በያጅ ነው፤ ከሷ ቀድሞ ይወጣል። ሲወጣ አንድ እግር ካልሲ ጠፍቶበት ቤቱን አተራመሰው፤ በመጨረሻ አንዱን ጥቁር አንዱን ቡኒ አድርጎ ሄደ። አማቷ ከአልጋቸው ሆነው ትእዛዝ ያወርዳሉ። ልጅቷ ዳቦዋን እየጎረሰች ጫማዋን ታስራለች፤ ያሰረችውን ደግሞ መልሳ ትፈታለች።

"አንቺ፣ ሸሚዝሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው" አለቻት ሞግዚቷ።

"አውቃለሁ እማዬ። የቆሸሸው በውስጥ በኩል እንዲሆን ብዬ ነው።"

"ወይ ጉድ!" አሉ አማቷ ከአልጋቸው። "ጠበቃ ነው የወለድሽው ልጄ።"

"ጠበቃ እንኳ ልብሱን ያጥባል" አለች እሷ፣ ሸሚዙን እየገለበጠች።

ፊቷን ልትታጠብ ስትሄድ ባልዋ ካሞቀው ውሃ ግማሹን በክዳን ሸፍኖ ትቶላት አገኘች። ገና ትኩስ ነው። እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ ነከረችውና ትንሽ ቆመች። ሞግዚቷ አንድ ልማድ አላት፤ ለማንም አውርታው አታውቅም፣ ታፍራለች። በቀኑ መሀል ትንሽ ነገር ደስ ሲላት በሆዷ፣ "ይቺ የኔ ናት" ትላለች። የሰው ቤት፣ የሰው ልጅ፣ የሰው ሥራ በበዛበት ቀን ለራሷ የምታስቀራት ናት። የውሃው ሙቀት፣ ይቺ የኔ ናት። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ በመስኮት በኩል፣ ፀሐይ ባለበት ቦታ ተገኘላት። ጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ እንቅልፍ ጥሎት ራሱን ትከሻዋ ላይ ሊያሳርፍ ምንም አልቀረውም ነበር፤ እሱን የኔ ነው አላለችም።

ማቆያው ስትደርስ ጓደኛዋ ቀድማ ገብታ ምንጣፉን እየጠረገች ነው። ይህችኛዋን ሁሉም ሬዲዮ ነው የሚሏት። ነገር ሆዷ ውስጥ አያድርም፤ ከማደሩም በፊት ሰፈሩ ሰምቶታል። የዚያን ቀን ኃላፊዋ ስብሰባ ሄደዋልና ቤቱ ለሁለቱ ቀርቷል።

ልጆቹ አንድ በአንድ መጡ። በመጨረሻ ከእናቶቹ አንዷ፣ ፋርማሲስቷ መጣች፣ ልጇን ታቅፋ። ልጁ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል፣ ወፍራም ነው፣ ጉንጩ ከትከሻው ይገናኛል። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሚኒስትሩ ይሉታል። ካስቀመጡት ቦታ አይነሳም። ትራስ ተደግፎ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ ኳሱን አምጡ፣ ውሃውን አቅርቡ፣ ያንን ልጅ አርቁልኝ እያለ በእህህታ ያዛል። ሰውም ይታዘዛል። እኩዮቹ ሁሉ ሄደዋል፣ ከሱ የሚያንሱትም ሄደዋል። እሱ አይሄድም።

ፋርማሲስቷ ልጁን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ቶሎ አልተነሳችም። ዐይኗ ቀልቷል።

"ነገ የአጥንት ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለን" አለች። "ጎረቤቶቼ እግሩ የሰነፈ ነው ይላሉ። አንዷማ ምን አለችኝ መሰለሽ? አከርካሪው ሊሆን ይችላል። ሌላው ቢቀር አባቱ እዚህ ቢሆን። እሱ የጭነት መኪናውን ይዞ ሩቅ መንገድ ላይ ነው፣ ሲደውል ምን ብዬ ልንገረው? ለሰው መድኃኒት ስሰጥ እውላለሁ፣ ለራሴ ልጅ የምሰጠው የለኝም።"

ሞግዚቷ ቃል ቶሎ አይመጣላትም። የልጁን እግር ያዘችና ውስጡን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ልጁ መልሶ ረገጣት።

"ጉልበትስ አለው" አለች።

"አደራሽን። ዛሬ አንድ እርምጃ እንኳ ቢሞክር ደውይልኝ። እንዲህ ሆኜ ሌላ ሌሊት ማደር አልችልም። ቃል ግቢልኝ።"

"እሺ" አለች ሞግዚቷ። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ሕጉ ትዝ ያላት።

ረፋዱ ላይ የምትወዳት ሰዓት አለች። ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ምንጣፉ ላይ ይነጠፋል፤ ልጆቹም ወደዚያ ይሰበሰባሉ። ሬዲዮ ሻይ አፍልታ አመጣች። ሞግዚቷ በሥራ ላይ ሻይ በትኩሱ ጠጥታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ የአንዱ አፍንጫ፣ የሌላው ዳይፐር እያለ ይበርድባታል። ያን ቀን ግን ልጆቹ ምን እንደነካቸው አይታወቅም፣ ጸጥ አሉ። ፉት አለችው። ምላሷን አቃጠላት። ይቺ የኔ ናት አለች በሆዷ።

ሚኒስትሩ በድስት ክዳን እየተጫወተ ነበር። ከጎኑ አንድ ቀጭን ልጅ አለ፤ መንከስ ስለሚወድ ጥርሱ ነው የሚሉት። ጥርሱ ክዳኑን ከሚኒስትሩ እጅ ቀማና ወደ መስኮቱ ሄደ። ሚኒስትሩ ጣቱን ቀሰረ። ማንም አልታዘዘም። እህ አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ጥርሱ ዞር ብሎም አላየው። ያኔ ሚኒስትሩ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ሁለት እጁን ምንጣፉ ላይ ተከለ፣ ቂጡን ወደ ላይ ሰቀለ፣ ቆመ። ከዚያ ሄደ! ሦስት ይሁን አራት እርምጃ፣ የቆጠረው የለም። እየተወዛወዘ፣ ሆዱን አስቀድሞ፣ የቤት ዕቃ የጫነ ጋሪ መስሎ ሄደና ክዳኑን ነጥቆ ቁጭ አለ።

"ወፌ ቆመች!" ብላ ጮኸች ሬዲዮ። ጥርሱ ደንግጦ አለቀሰ።

ሞግዚቷ ትንሿ የልጆች ወንበር ላይ ዘጭ አለች። እስትንፋሷ ከሆዷ ሥር የወጣ ይመስል ረዘመ። ለካ እሷም ስትፈራ ኖራለች። ያንን እግር ስታሽ፣ ሌላ ሌላ ጨዋታ እያመጣች ልታስነሳው ስትሞክር፣ ልቧ ውስጥ "ባይሄድስ" የሚል ነገር ተቀምጦ ነበር። አሁን ተነስቶ ወጣ። ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ ዐይኗ እንባ ሞላ።

"ስልኩን አምጪው፣ ልደውልላት!" አለች ሬዲዮ።

"ቆይ።"

"ምን ቆይ አለው? ሴትዮዋ ልትሞት ነው እኮ!"

"ሕጉስ?"

"ሕጉን ያወጣሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? አንቺው አንሺው!"

ሞግዚቷ ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። የታጠቡት ጡጦዎች ተደፍተው ይንጠባጠባሉ። ቃል ገብቻለሁ አለች። ደግሞ፣ ይቺ እናት ይህን ቀን አንዴ ነው የምታገኘው፣ እኔ በስልክ ላበላሽባት? አለች። ሁለቱንም የሚያስታርቅ ነገር ፈለገች፤ ያገኘችም መሰላት። ሳልነግራት ቀደም ብላ እንድትመጣ ላድርጋት፣ ራሷ ታየዋለች። ደወለች።

"ሃሎ" አለች። "ምንም አልሆነም።"

ልጅ ለሚጠብቅ ሰው ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ እናትን ከሚያስደነግጡ ቃላት ሁሉ የከፋው "ምንም አልሆነም" ነው። እሷም ለአዲስ ሠራተኞች ስንት ጊዜ ነግራለች።

"ምን ሆነ?" አለች ፋርማሲስቷ። ድምፁ የሷ አይመስልም።

"ምንም። ደህና ነው። ብቻ ከቻልሽ ቀደም ብለሽ ብትመጪ..."

ስልኩ ተዘጋ። ብትደውል አይነሳም።

"ጎሽ" አለች ሬዲዮ በሩ ላይ ቆማ። "አሁን መኪና ካልገጫት ትደርሳለች።"

"ባክሽ አታሟርቺ።"

"አንቺ እታለም፣ ስትመጣ እኔ አፌን እንዴት አድርጌ ልያዘው? እኔን ታውቂኛለሽ።"

"ዳቦ ጉረሺ።"

ሬዲዮ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ግን የሰው ጭንቅ ይገባታልና ትልቅ ዳቦ አነሳች።

ፋርማሲስቷ ስትደርስ ልጆቹ በልተው ተኝተዋል። ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ነው፣ እስክሪብቶ ፀጉሯ ላይ ሰክታለች። ጫማዋን አንዱን ደጅ አንዱን ውስጥ ጥላ ገባች። ሚኒስትሩ በሆዱ ተኝቶ ቂጡን ሰቅሏል፣ ያንኮራፋል። ተንበረከከችና ግንባሩን ነካች፤ እጁን፣ ጉልበቱን፣ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ዳበሰች።

"ወደቀ?" አለች በሹክሹክታ።

"አልወደቀም።"

"አተኮሰው?"

"ኧረ ምንም የለው።"

"ታዲያ ለምን ጠራሽኝ?"

ሞግዚቷ ወለሉን አየች። "እንዲሁ ነው" አለች።

"እንዲሁ? መድኃኒት ቤት ሙሉ ሰው ጥዬ፣ መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ ሳላውቅ... እንዲሁ? የደበቃችሁኝ ነገር አለ።" ዞር ብላ ሬዲዮን አየቻት። "አንቺ ንገሪኝ።"

ሬዲዮ ጉንጯ እስኪወጠር ጎርሳለች። ራሷን ነቀነቀች፣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ጎን አልታወቀም። አንድ ቃል ሊወጣ ሲል ሌላ ቁራሽ ጨመረችበት።

"እሷም አፏን ያዘች!" አለች ፋርማሲስቷ። "እሷ እንኳ! እንግዲያው አንድ ነገር አለ።" ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በእጇ የጋውኗን ቁልፍ ትፈታለች፣ መልሳ ትቆልፋለች።

ሞግዚቷ ያንን እጅ አየችው። ያን ጊዜ ነው ደንገጥ ያለችው። ይህ ሕግ ለማን ነው? አለች በሆዷ። ለዚህች ሴት ነው ወይስ ያኔ ልኬ ያልሆነውን ደስታ ዛሬ በሌላ ሰው ላስተካክል ነው? ለአንድ ቀን ደስታ ብላ ሰው ታሰቃያለች? አይ። በቃ፣ ትነግራታለች። ከነገረቻት ትተነፍሳለች፤ ቀሪው ይቅር። ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እየውልሽ..." አለች።

ሚኒስትሩ ነቃ።

ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ትራሱ ፊቱ ላይ መስመር አትሞበታል። እናቱን አያት፤ በዚህ ሰዓት ምን ትሠራለች እንደማለት ቅንድቡን ሰበሰበ። ከዚያ እንደልማዱ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ተሸከሚኝ ነው። ፋርማሲስቷ ልትነሳ ስትል ሞግዚቷ ክንዷን ያዘቻት።

"አታንሺው።"

"ምን?"

"እባክሽ። ትንሽ ብቻ። አታንሺው።"

"የገዛ ልጄን?"

"እህቴ፣ ስለ ልጅሽ" አለች ሞግዚቷ። ድምፅዋ ይህን ያህል ጠንክሮ ራሷም ሰምታው አታውቅም። ፋርማሲስቷ ተገርማ ይሁን ደክሟት ተመልሳ ተቀመጠች።

ሚኒስትሩ እጁን እንደዘረጋ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። እህ አለ። ማንም አልመጣም። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ሊያለቅስ አፉን ከፍቶ ሳለ ዐይኑ ወደ በሩ ሄደ፤ እዚያ ሬዲዮ ቆማለች፣ በእጇ ዳቦ አለ። የሰውን ዳቦ እንደሱ የሚወድ የለም። ልቅሶውን ተወው። እጁን ወለል ላይ ተከለ፤ ቂጡን ሰቀለ። ቆመ።

ሬዲዮ ማኘኳን አቆመች።

አንድ እግር አነሳ። አሳረፈው። ሌላውን አነሳ። ወደ ግራ ዘመመ፣ ተመለሰ። መጣ፣ መጣ፣ እናቱ የተቀመጠችበት ደረሰ። እጇን ዘረጋችለት። እሱ እጇን በክንዱ ገፋ አድርጎ አለፋት፤ ሥራ ያለበት ሰው በመንገድ ላይ ሰላምታ እንደሚያልፍ። ሬዲዮ ዘንድ ደረሰ፣ ቀሚሷን ያዘ፣ አፉን ከፈተ። ሬዲዮ እያለቀሰች ዳቦ አጎረሰችው።

ፋርማሲስቷ ቀስ ብላ ወደ ሞግዚቷ ዞረች።

"አየሽው?" አለች። "አየሽው አይደል? ሄደ! ልጄ ሄደ! አለፈኝ እኮ፣ እኔን እናቱን ትቶኝ አለፈ!"

"አየሁ" አለች ሞግዚቷ።

"በዐይኔ አየሁት! እግሩ ደህና ነው! ጥርት ያለ እግር ነው!" ሞግዚቷን አንገቷን አቅፋ ጎተተቻት። እንባና ሳቅ ተደባለቀባት። የተኙት ልጆች አንድ በአንድ ተነሱ፤ ጥርሱም ተነሳና ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ።

"እኔም አየሁ!" አለች ሬዲዮ፣ ዳቦውን ውጣ። "ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየሁት! በፍጹም አይቼው አላውቅም! ዛሬ፣ አሁን፣ ገና አሁን!"

ሞግዚቷ በዐይኗ በቃሽ አለቻት። ፋርማሲስቷ ግን ሰምታለች። ፊቷን በጋውኗ እጅጌ ጠራረገች፤ ሬዲዮን አየች፣ ሞግዚቷን አየች።

"ታዲያ ለምን ደወልሽልኝ?" አለች ዝግ ብላ።

ሞግዚቷ አፍራ የምንጣፉን ዳር መጎንጎን ያዘች። "ጠዋት ቃል ገብቼልሽ ነበር" አለች። "ቃል ነው። ደግሞ..."

"ተይው" አለች ፋርማሲስቷ። ጣቷን በከንፈሯ ላይ አደረገች። "እኔም አልጠየቅሁሽም። ከእኔ በፊት ያየው የለም። እንዲህ ነው ለሰው የማወራው።" ከዚያ ደግሞ ሳቋ መጣ። "ግን ሁለተኛ ምንም አልሆነም ብለሽ እንዳትደውይልኝ። ልብ ታቆሚያለሽ።"

"ሁለተኛ አይለምደኝም።"

"የነገውን ቀጠሮ ልሰርዘው?"

"አትሰርዢው፤ ሐኪሙም ይየው" አለች ሬዲዮ። "ክፍሉን በእግሩ ይግባበት!"

በዚያው ስልኳ ጠራ። የልጁ አባት ነው፤ መንገድ ላይ ቆሞ ነው የደወለው። ፋርማሲስቷ ስልኩን አነሳች፣ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ልጁን አየች። ልጁ ሬዲዮን ለሁለተኛ ጉርሻ ይዟታል።

"ደህና ነን" አለች። "መቼ ነው የምትመጣው? ከነገ ወዲያ? እሺ። አይ፣ ምንም የለም። ስትመጣ ቶሎ ግባ ብቻ፣ መንገድ ላይ አትቆይ።" ዘጋችና ኪሷ ከተተችው። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ አልሄደም። ሞግዚቷን በዐይኗ ጠቀሰቻት።

ልጁን ልታዝለው ስትል እንደ ዓሣ ሙልጭ ብሎ ወረደ። እንደገና ሞከረች፤ ጀርባውን ቀስት አድርጎ ጮኸባት። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ተሸከሙኝ ያለ ሰው አሁን አትንኩኝ አለ። አንድ ጣቷን ሰጠችው፤ እሱን ያዘ። እንዲያ ሆነው ወጡ።

ሞግዚቷ የቀሩትን ልጆች አሰናዳች፣ አስረከበች፣ ጡጦዎቹን ደረደረች፣ ወለሉን ወለወለች። ባልዋ ደውሎ፣ "ማታ ስትመጪ ካልሲ ግዢልኝ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሲስቅብኝ ዋለ" አላት። እሷም ሳቀችበት። ነጠላ ጫማዋን ቀይራ፣ ሬዲዮን ሳም አድርጋ ወጣች።

"ለማን ልንገር?" አለቻት ሬዲዮ ከኋላዋ። "አሁንስ መናገር ይቻላል?"

"አሁን ለፈለግሽው ተናገሪ።"

ወደ አውቶቡሱ መቆሚያ ፈጠን እያለች ስትሄድ ከማቆያው ብዙም ሳትርቅ እናትና ልጅን አገኘቻቸው። ገና ሁለተኛው አጥር ጥግ ናቸው። ሚኒስትሩ የውሃ ቧንቧ ጉድጓድ ክዳን ላይ ቆሞ በእግሩ ይመታዋል፤ ከዚያ ቅጠል ያነሳል፤ ከዚያ ያለፈውን ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ነጭ ጋውን የለበሰችው እናቱ ጣቷን እንዳስያዘች፣ ጎንበስ እንዳለች ናት።

"ገና እዚሁ ነን!" አለች በደስታ። "ወገቤ ተቆረጠ፤ ግን ማን ይቸኩላል?"

"እንዲህ ከሆነ ለነገው ቀጠሮ ከአሁኑ ጀምሩ" አለች ሞግዚቷ። ቀልድ ብዙም አይሆንላትም፤ ይቺኛዋ ግን ሆነችላት። ፋርማሲስቷ ከት ብላ ሳቀች።

ሚኒስትሩ ቀና ብሎ ሞግዚቷን አያት። ባዶ የቀረ አንድ እጁን ወደሷ ዘረጋ። እሷም ጣቷን ሰጠችው። ውስጡ ላብ አለው፣ ይሞቃል፣ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። በሁለት ሴቶች መሀል ሆኖ እግሩን አነሳ።

አውቶቡሷ መጣች። ሞግዚቷ አየቻት፤ ቤት ውስጥ እራት አለ፣ የልጅ ሸሚዝ ማጠብ አለ፣ አማቷ መድኃኒታቸውን ይጠብቃሉ። አውቶቡሷ መቆሚያው ላይ ትንሽ ቆማ ሰው ጫነችና ሄደች።

"አመለጠችሽ" አለች ፋርማሲስቷ።

"ሌላ ትመጣለች" አለች ሞግዚቷ፤ እና እርምጃዋን አሳጠረች።